ዐመፅ ስንት ጊዜ ይነሣል? ጥንታዊ መንግሥታትና የስትራቴጂ ጨዋታዎች

(ይህ ጽሑፍ በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ቀርቦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቅ.ል.ክ. ማለት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው።)



የዛሬው ንግግር መነሻ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ አሦር መንግሥት ሳስተምር ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ንጉሡ ግብሩን ዝቅ አድርጎ በየከተማው የሚያሰፍረውን ጦር ቢያበዛ ኖሮ ዐመፁ ይቆም አልነበረም ወይ?» አለኝ። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ካነበብናቸው መጻሕፍት ከአንዱም የመጣ አልመሰለኝም። ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ጥቂት አፈረና ከኮምፒዩተር ጨዋታ መሆኑን ነገረኝ። እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ሁለት ሳምንት ያህል እኔም ሮምን ገዛሁ፤ ካርቴጅ ሦስት ጊዜ ዐመፀችብኝ። (ሳቅ)

በ2004 የወጣው «ሮም፦ ቶታል ዋር» ለእያንዳንዱ ከተማ የሕዝብን ጸጥታ የሚለካ መቶኛ ይሰጣል። ግብር ሲከብድ ቁጥሩ ይወርዳል። ከተማው ከመዲናው ሲርቅ፣ ሲጨናነቅና ሲቆሽሽ፣ ነዋሪው የሌላ ባህል ሕዝብ ሲሆንም ይወርዳል። ጦር ሲሰፍርበት፣ ቤተ መቅደስ ሲሠራለት፣ ትርኢት ሲዘጋጅለት ይወጣል። ቁጥሩ ከተወሰነ ወለል በታች ከሆነ መጀመሪያ ሁከት ይነሣል፤ ነገሩ ካልታረመ ከተማው ገዥውን አባርሮ «ዐማፅያን» የሚባል ጦር ከምድር ያበቅላል። «ሲቪላይዜሽን» የተባለው ተከታታይ ጨዋታም ስሙን እየለዋወጠ ተመሳሳይ ስሌት ይከተላል። ስሌቱ በአጭሩ የሚለው፣ ዐመፅ የመከፋት ልክ ነው፤ ሕዝብ ሲከፋው ያምፃል፣ ካላመፀ ደግሞ አልከፋውም ነው።

ለጨዋታ ይህ በቂ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የስሌቱ ሁለተኛ ግማሽ ነው። «ካላመፀ አልከፋውም» የሚለውን ሐሳብ ጨዋታ ነክተው በማያውቁ ሰዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥም፣ በታወቁ መጻሕፍት ውስጥም አገኘዋለሁ። «በዚህ ንጉሥ ዘመን ዐመፅ ስላልተነሣ ሕዝቡ አገዛዙን ተቀብሎ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አንብበናል? የእኔ ክርክር በጥንታዊ መንግሥታት ዐመፅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረን ስለ መዲናው መናጋት ነው የሚል ነው። ስለ ሕዝቡ መከፋት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የዐመፅ አለመኖርም ከዚያ ያነሰ ይነግረናል።

ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ለመቁጠር አስቀድሞ የሚቆጠረውን መለየት ያሻል። እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። «ገበረ» ስንል ግብር ከፈለ ማለታችን ነው፤ በዚያው ቃል ደግሞ ተገዛ፣ ለሥልጣን አደረ ማለታችን ነው። «አልገብርም ባይ» የተባለው ሰው ጦር ሰብቆ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እህሉንና ከብቱን ይዞ ቤቱ የተቀመጠም ሊሆን ይችላል። የአሦር ነገሥታት ጽሑፎች የሚሠሩት በዚሁ አመክንዮ ነው። የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ ግብሩን አቋረጠ፤ ይህ ለአሦር በቂ ዐመፅ ነበር። በዚህ መለኪያ ከሄድን የሚዘገይ ግብር ሁሉ ዐመፅ ነውና ቁጥሩ ወሰን አይኖረውም። ጦር የተማዘዘበትን ብቻ እንቁጠር ካልን ደግሞ ንጉሡ ዘምቶ የቀጣውን እንጂ አቅም አጥቶ ዝም ያለውን አናገኝም።

ሌላም አለ። «ዐመፅ» የሚለው ቃል ራሱ ፍርድ ነው። በመንፈሳዊ መጻሕፍታችን «ዐመፃ» ማለት በደል፣ ኃጢአት፣ ግፍ ነው። የፋርሱ ዳርዮስ ዐማፅያኑን የሚጠራበትም ቃል ከዚህ አይርቅም። በቢሶቱን ገደል ላይ በሦስት ቋንቋ ባስቀረጸው ጽሑፍ በየአገሩ የተነሡበት ሰዎች ሁሉ ሐሰተኞች ናቸው፤ ሀገሮቹን ያሳመፀው «ሐሰት» ነው። ዳርዮስ በአንድ ዓመት ውስጥ 19 ጦርነት ገጥሞ ዘጠኝ ነገሥታት ማረክሁ ይላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዳርዮስ ራሱ በ522 ቅ.ል.ክ. ዙፋኑን የያዘው በዙፋኑ ላይ የነበረውን ሰው ገድሎ ነው። ያ ሰው የቂሮስ ልጅ ባርድያ ሳይሆን ባርድያን የመሰለ አስመሳይ ነበር ይለናል። ይህ ቃል እውነት ካልሆነ፣ ብዙ ተመራማሪዎችም ይጠራጠሩታል፣ በዚያ ዓመት ከሁሉ የላቀው ዐማፂ የጽሑፉ ባለቤት ነው። በዚያ ዓመት ከተነሡት ዐማፅያን አንድ ብቻ ቀንሰን መቁጠራችን ያ አንዱ ስላሸነፈ ነው።

በእኛም ምድር የሚነበብ ምሳሌ አለ። ንጉሥ ኢዛና በቤጋ ሕዝብ ላይ ስለተደረገው ዘመቻ ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛና በግእዝ ቆሟል፤ ግእዙም በሳባ ፊደል ጭምር ተጽፏል። ጽሑፉ ቤጋዎቹ እንዳመፁ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፍና ወንድሞቹ ሳይዛናና ሐደፋ እንደተላኩ፣ ስድስት ነገሥታት 4,400 ከሚሆን ሕዝባቸው ጋር ተነቅለው ወደ ሌላ ምድር እንደተወሰዱ፣ በመንገድም እንጀራ፣ ሥጋና መጠጥ እንደተሰጣቸው በዝርዝር ይተርካል። ስለ ስንቁ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ጸሐፊ ስለ ዐመፁ ምክንያት አንድ ቃል አይተነፍስም። የዋኖቹን ቁጥር እናውቃለን፤ ያስቆጣቸውን አናውቅም።

አሁን አንድ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ የአሦር ነገሥታትን በረድፍ፣ ዐመፆቻቸውን በዓምድ አድርጌ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ጨካኙን ንጉሥ ከደጉ የምለይበት መሣሪያ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ውጤቱን ለመምህሬ ባሳይ ጥቂት ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ አንተ የቆጠርኸው ዐመፅ አይደለም፤ ድንጋይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ብዙ ዐመፅ የተመዘገበባቸው ነገሥታት ብዙ የጻፉት፣ ጽሑፋቸውም ከጥፋት የተረፈላቸው ነበሩ።

ከዚህ ወጥመድ በመጠኑ የሚያወጣን አንድ ሰነድ አለ። አሦራውያን ዓመታትን የሚጠሩት በየዓመቱ በሚሾም ባለሥልጣን ስም ነበር። የእነዚህ ስሞች መዝገብ ከሹሙ ስም ቀጥሎ የዓመቱን ዋና ነገር በጥቂት ቃላት ያሰፍራል፤ ወደዚህ አገር ዘመቻ፣ ቸነፈር፣ «በሀገር ውስጥ»፣ ዐመፅ። ጉራ የለበትም፤ የሚሞገስ ንጉሥም የለም። ለእኔ ከሁሉም የአሦር ሐውልቶች ይበልጥ የሚወደድ ጽሑፍ ነው። በዚህ መዝገብ ከ826 እስከ 820 ቅ.ል.ክ. ዓመታቱ «ዐመፅ» እየተባሉ ይከታተላሉ። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቃሉ አይታይም። በ763 በአሹር ከተማ ዐመፅ ተነሣ፤ ፀሐይም ጨለመች። ይህ የፀሐይ ግርዶሽ በሥነ ፈለክ ስሌት ሰኔ ወር (ጁን) 15 ቀን ላይ ስለሚውል የጥንታዊ ቅርብ ምሥራቅ የዘመን አቆጣጠር የተንጠለጠለው በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው። በተከታዩ ዓመት እዚያው ዐመፅ። 761 እና 760 በአራፍኻ፣ በዛሬዋ ኪርኩክ። 759 በጎዛን፣ ቸነፈር ተጨምሮበት። ከዚያ ዝምታ። በ746 በካልሁ ዐመፅ ተነሣ፤ በማግሥቱ ዓመት ቴልጌልቴልፌልሶር ነገሠ።

ይህን ዝርዝር ከጨዋታው ጋር አስተያዩት። ጨዋታው ዐመፅን በየጥቂቱ ተራ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ እንደ ዝናብ ጠብታ ያከፋፍለዋል። መዝገቡ የሚያሳየው ረጅም ድርቅና ድንገተኛ ጎርፍ ነው። ጨዋታው ከመዲና የራቀውን ከተማ ይጠረጥራል፤ አሹርና ካልሁ ግን የመንግሥቱ ልብ ነበሩ። በ826 የተነሣው ማን ነበር ካላችሁ፣ የንጉሥ ሰልምናሶር ሦስተኛ የገዛ ልጅ ነው። ነነዌን ጨምሮ 27 ከተሞች ተከተሉት፤ ያሸነፈው ወንድሙም ዝርዝራቸውን በድንጋይ አስቀረጸው።

ጎርፉ መቼ ይመጣል? የፋርስ መንግሥት ታሪክ መልሱን በጉልህ ያሳያል። ካምቢሰስ በ522 ቅ.ል.ክ. ሲሞት ከኤላም እስከ ማርጊያና ያለው ሀገር ተነሣ። ዳርዮስ በ486 ሲሞት ግብጽ ዐምፃ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ባቢሎን ተከተለች። ልጁ ክሰርክሲስ በ465 ተገደለ፤ በግብጽ ኢናሮስ ተነሣ። ሁለተኛው ዳርዮስ በ404 ሞተ፤ ግብጽ በአሚርታዮስ መሪነት ወጥታ ለስልሳ ዓመት ያህል አልተመለሰችም። ግብሩ በእነዚህ ዓመታት ብቻ ከብዶ፣ በመካከሉ ቀልሎ ነበር የሚል ማስረጃ የለንም። ከባድ ሆኖ የኖረ ነገር ነበር። የተለወጠው ማን ንጉሥ እንደሆነ፣ ጦሩ ለማን እንደሚታዘዝ፣ ጦሩስ በጊዜ ይደርስ እንደሆነ መጠራጠር መቻሉ ነው። ንጉሥ ያለው አንድ ትልቅ ጦር ነው፤ በሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ዳርዮስ ራሱ እኔ በባቢሎን ሳለሁ እነዚህ ሀገሮች ዐመፁ ብሎ ይዘረዝራል። ሰናክሬምም አባቱ ሳርጎን በ705 በጦር ሜዳ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ ወደ ባቢሎን፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቁ ተራራ መዝመት ነበረበት። ወደ ሕዝቅያስ የደረሰው በ701 ነው። አራት ዓመት! ለአንድ ትንሽ ንጉሥ ግንብ ለማጠናከርና ውኃ ለመሳብ ብዙ ጊዜ ነው።

ስለ ባቢሎን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ስለ ቁጥራችን ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረን እርሱ ነው። በ484 ቅ.ል.ክ. ቤል-ሺማኒና ሻማሽ-ኤሪባ የተባሉ ሁለት ሰዎች በባቢሎን ነገሡ። ስለ እነርሱ የምናውቀው ሰዎች ብድር ሲበዳደሩ፣ ቤት ሲከራዩ ውሉን በእነርሱ ዘመነ መንግሥት ስለጻፉ ነው፤ ያንንም ጭቃ ሰሌዳ አፈር ጠብቆት ስለተገኘ ነው። በዚያው ዓመት በሰሜን ባቢሎንያ የነበሩ የብዙ ታላላቅ ቤተሰቦች የሰነድ ክምችት ድንገት ይቋረጣል። ሰሌዳዎቹ ባይገኙ ኖሮ በሠንጠረዣችን ላይ ይህ ዓመት የሰላም ዓመት ነበር።

ያው ነገር በሩቅ ምሥራቅም ይታያል። የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት በ210 ቅ.ል.ክ. ሞተ፤ በማግሥቱ ዓመት ቼን ሸንግና ጓደኛው ከ900 ምልምሎች ጋር ወደ ድንበር ሲጓዙ ዝናብ መንገድ ዘጋባቸው። ሲማ ቺየን እንደጻፈው መዘግየት በሞት የሚያስቀጣ ስለነበረ፣ መሞት ካልቀረ ብለው ዐመፁ። ይህ ጨዋታው የሚወደው ታሪክ ነው፤ ክፉ ሕግ፣ የተቆጣ ገበሬ። ነገር ግን በ1975 በሁቤይ አውራጃ በሹይሁዲ ከአንድ የቺን ሹም መቃብር የሕግ ጽሑፍ የያዙ የቀርከሃ ሰሌዳዎች ወጡ። በዚያ ሕግ ለሥራ ግዳጅ ከሦስት እስከ አምስት ቀን መዘግየት በተግሣጽ፣ እስከ ዐሥር ቀን በአንድ ጋሻ፣ ከዚያ በላይ በአንድ ጥሩር ዋጋ ያስቀጣል፤ ዝናብ ከከለከለም ግዳጁ ይቀራል። እርግጥ ሕጉ ስለ ሥራ ግዳጅ እንጂ ስለ ድንበር ጠባቂ ምልምል አይናገርም፤ ስለዚህ ጉዳዩን አልዘጋውም። ነገር ግን የቺንን ጭካኔ የጻፉልን ቺንን አፍርሶ በነገሠው በሃን ዘመን የኖሩ ሰዎች እንደሆኑ ያስታውሰናል።

ስለ ሮም ማጠር እችላለሁ። ስቲቨን ዳይሰን በ1971 ባወጣው ጥናት በሮም ግዛት የተነሡ የሀገሬው ዐመፆች የሚበዙት ከድሉ በኋላ አንድ ትውልድ ባልሞላ ጊዜ፣ ሮማውያኑ ሀገሩ ጸጥ ብሏል ብለው ቈጠራና ግብር ሲጀምሩ መሆኑን አሳይቷል። ፓኖንያ ከ12 እስከ 9 ቅ.ል.ክ. ተያዘች፤ በ6 ዓ.ም. ለሌላ ጦርነት ምልምል ሲጠየቅ ተነሣች፤ ሱኤቶንዩስ እንደሚለው 15 ሌጌዎን ተሰለፈባት። በዚያው በ6 ዓ.ም. ቄሬኔዎስ በይሁዳ ሕዝብ ሲቆጥር የገሊላው ይሁዳ ተነሣ። ብሪታንያ በ43 ተወረረች፤ ቡዲካ በ60 ወይም በ61 ዐመፀች። መሪዎቹንም ተመልከቱ። ቡዲካ ለሮም የገበረ ንጉሥ ሚስት ነበረች። በ9 ዓ.ም. ሦስት ሌጌዎን ያስደመሰሰው አርሚንዩስ የሮም ዜጋ፣ የሮም ባላባት፣ በሮም ጦር ውስጥ የተዋጋ አዛዥ ነበር። በጨዋታው ዐማፅያን ስም የለሽ ናቸው። በታሪክ ግን ዐመፅን የሚመራው ብዙ ጊዜ የመንግሥቱን አሠራር ከውስጥ የሚያውቅ፣ ጦሩ በስንት ቀን እንደሚደርስ መቁጠር የሚችል ሰው ነው።

ይህን ነጥብ ከሁሉም በላይ የሚያስረዳልኝ የሒምያር ታሪክ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ድል አደረገና ከሀገሩ ሰዎች ሱምያፋ አሽዋዕ የተባለ ክርስቲያን አነገሠ፤ ዓመታዊ ግብርም ጣለበት። ይህን ለጨዋታ ብንሰጠው ስሌቱ ግልጽ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ግዛት፣ የተለየ ሕዝብ፣ አዲስ ግብር፤ ሒምያራውያን ያምፃሉ፤ መድኃኒቱም ጦር ማስፈር ነው። ፕሮኮፕዮስ የጻፈልን ግን ተቃራኒውን ነው። ያመፀው የሰፈረው ጦር ነው። ከካሌብ ሠራዊት ውስጥ ብዙዎች ምድሪቱ ለምለም ሆና ስላገኟት መመለስ አልወደዱም። እነዚህ ሰዎች ከሌሎች ጋር ተነሥተው ሱምያፋን አሰሩና አብርሃን አነገሡ፤ ፕሮኮፕዮስ አብርሃ በአዱሊስ በባሕር ንግድ የሚተዳደር የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር ይላል። ካሌብ 3,000 ሰው ከአንድ ዘመዱ ጋር ሰደደ። የተላኩትም ሀገሩን አይተው ወደዱት፤ ከአብርሃ ጋር በምስጢር ተማከሩ፤ ጦርነቱ ሲጀመር አዛዣቸውን ገድለው ተቀላቀሉ። ካሌብ ሁለተኛ ጦር ላከ፤ ያም ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልላከም።

እንግዲህ ጦር ማስፈር መድኃኒቱ ነው ወይስ በሽታው? ከተማሪዬ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በጨዋታው የሰፈረ ወታደር ጸጥታን ብቻ ይጨምራል፤ የራሱ ፍላጎት፣ የራሱ ጥቅም የለውም። በታሪክ ግን ጦሩ ራሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠር ሕዝብ ነው። በሮም ከ235 እስከ 284 ድረስ ከሃያ በላይ ንጉሠ ነገሥታት የተፈራረቁት ገበሬ ስላመፀ አይደለም፤ አብዛኞቹን ያነገሠም የገደለም ሠራዊታቸው ነው።

የአብርሃ ፍጻሜም ያው ነው። ካሌብ ከሞተ በኋላ አብርሃ ለአልጋ ወራሹ ግብር ለመስጠት ተስማማ፤ በዚህም ሥልጣኑን አጸና ይላል ፕሮኮፕዮስ። ገበረ ማለት ነው። ግን በየትኛው ትርጉሙ? በ548 በማሪብ ባቆመው ጽሑፍ ራሱን በታላቅ ማዕረግ ይጠራል፤ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኛም ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞች ጋር አብሮ ይቆጠራል። በዚያው ጽሑፍ አብርሃ ራሱ በኪንዳ ላይ የሾመው ያዚድ የተባለ ሹም እንዳመፀበት በምሬት ይናገራል። (ሳቅ) በአክሱም መዝገብ ዐማፂ የሆነው ሰው በማሪብ መዝገብ ሕጋዊ ንጉሥ ነው። በሠንጠረዣችን ላይ ይህን ስንት ዐመፅ ብለን እንጻፈው?

ወደ መከፋት ልመለስ፤ የለም አላልሁምና። ሰው በጣም ይከፋው ነበር። የመከፋት ተራ መንገዱ ግን ጦር ማንሣት አልነበረም። በሮም ዘመን በግብጽ ግብር ያቃተው ገበሬ ቀዬውን ጥሎ ይጠፋል። ከፋዩም አውራጃ ከፊላደልፊያ መንደር በአንደኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ የተጻፉ የግብር ሰብሳቢ ፓፒረሶች የተሰወሩትንና ንብረት የሌላቸውን ሰዎች ስም እየዘረዘሩ አቆይተውልናል። ግሪኮቹ ይህን መሸሽ «አናኮሬሲስ» ይሉታል፤ ከሰው መካከል ወጥቶ መሄድ ማለት ነው። በኋላ ዘመን ወደ በረሃ የገቡት የግብጽ አበው የተጠሩበት ቃል ያው ነው፤ እኛ መናኝ የምንለው። ቃሉ ወደ ገዳም ከመግባቱ በፊት ከግብር ሰብሳቢ የሚሸሽ ገበሬ ስም ነበር። በዚያው ዘመን የነበረውን ግብጽ ጨዋታው ቢያየው አረንጓዴ ምልክት ይሰጠዋል። ዐመፅ የለም፤ ጸጥታው ሙሉ ነው፤ መንደሮቹ ግን እየተራቆቱ ነው።

በሌላው ጫፍ ጨዋታውን የሚደግፍ የሚመስል አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ ታሲተስ የጻፈው ነው። ከራይን ወንዝ ማዶ የሚኖሩ ፍሪስያውያን ድሩሰስ ባስገበራቸው ጊዜ ድሆች ስለሆኑ ለጦር ሠራዊቱ የበሬ ቆዳ ብቻ እንዲሰጡ ተወሰነ። የቆዳውን ስፋትና ውፍረት ማንም አይለካም ነበር። አርባ ዓመት ያህል በዚህ ኖሩ። ኦሌንዩስ የተባለ የጦር ሹም ሲመጣ ግን የጫካ በሬ ቆዳ መስፈሪያ ይሁን አለ። የቤት ከብቶቻቸው ትናንሽ ነበሩ። መጀመሪያ በሬዎቹን ሰጡ፣ ቀጥሎ መሬታቸውን፣ በመጨረሻም ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ለባርነት። አቤቱታ አሰሙ፤ ሰሚ አጡ። በ28 ዓ.ም. ቆዳ የሚሰበስቡትን ወታደሮች ይዘው ሰቀሏቸው።

ይህ መከፋት ያስነሣው ዐመፅ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የግብጹ ገበሬ ከዚህ ያነሰ ተከፍቶ ነበርን? የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ቦታው ይመስለኛል። ፍሪስያውያን ያሉት ከወንዙ ማዶ፣ በረግረግና በባሕር ዳር፣ አንድ ምሽግ ብቻ በቆመበት ምድር ነው። ሊቀጣ የመጣው ጦር በባዱሄና ጫካ 900 ሰው አጣ።

የጨዋታ ሠሪዎችን ለመውቀስ አልመጣሁም። ተጫዋች ለሃምሳ ዓመት ምንም ሳይነሣበት ቆይቶ በአንድ ክረምት መንግሥቱ በሙሉ ቢፈርስበት ኮምፒዩተሩን ይሰብራል። ከእነርሱም መካከል ወደ ነገሩ የቀረቡ አሉ። ስለ መካከለኛው ዘመን የተሠራው «ክሩሴደር ኪንግስ» አዲስ የነገሠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲናቅ ያደርጋል፤ መኳንንቱም ኃይላቸውን ከንጉሡ ኃይል ጋር አመዛዝነው ያድማሉ። በዚህ ረገድ ከአንዳንድ የታሪክ መጽሐፍ ይሻላል ብል ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ። ይሁን እንጂ ካየኋቸው ሁሉ አንዱም ያልደፈረው ነገር አለ። ተጫዋቹ የእያንዳንዱን ከተማ መቶኛ ያያል፤ ቁጥሩም አይዋሸውም። የጥንት ንጉሥ ይህን የመሰለ ሰሌዳ አልነበረውም። የሚነግሩት ሹማምንቱ ነበሩ፤ እነርሱም እንደ ኦሌንዩስ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከላይ ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ መናገር አይፈልግም። ታሲተስ እንደሚለው ጢባርዮስ የፍሪስያውን ጦርነት ለሌላ አዛዥ አደራ መስጠት ስለፈራ ጥፋቱን ደበቀ። ለአዛዥ ትልቅ ጦር መስጠት ምን እንደሚያመጣ ከካሌብ አምስት መቶ ዓመት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እስከ 47 ዓ.ም. ኮርቡሎ እስኪመጣ ድረስ ፍሪስያውያን እንደሸፈቱ ኖሩ። እነዚያ 19 ዓመታት በተማሪዬ ሰሌዳ ላይ ምን ዐይነት ቀለም እንደሚይዙ ጠይቄው ነበር። እስካሁን እያሰበበት ነው፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጧል፤ ምናልባት መልስ ይዞ መጥቶ ይሆናል። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።